ከመጨረሻው የተጀመረው ግድግዳ

ታፔላ ጻፊው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ጎረምሳ ሳለ በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ፊት ላይ ሲጽፍ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አሳበጣቸውና ግድግዳው አለቀበት። የተረፉትን ጥጉን አዙሮ በጎን በኩል ጻፋቸው። ልብስ ሰፊው ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ መንገደኛው ሁሉ «ቀሪውን ለማንበብ በጎን በኩል ይዙሩ» እያለ ሲቀልድበት ኖረ። ታፔላ ጻፊው ያን ጊዜ የቀመሰው እፍረት ለዕድሜ ልኩ በቃው። ከዚያ ወዲህ ክሩን በጠመኔ ዱቄት ነክሮ መስመሩን ከመታ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ቀለም የሚያሳርፈው በግድግዳው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። መጨረሻው ቦታውን ከያዘ የቀረው ራሱን ያበጃል ይላል። ደንበኛ «ከዚህ ጀምር» ካለው «እሺ» ይላል። ከዚያ እንደለመደው ይጀምራል።

በሰፈሩ ጋሽ ብሩሽ ነው የሚሉት። በደህናው ዘመን ጋሽ ብሩሽ ያልጻፈበት በር አልነበረም። ኋላ ባነር የሚያትም ማሽን መጣ። ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ታፔላህ ታትሞ ይጠብቅሃል። «ፀሐይ ገና ስታየው የሚገረጣ ነገር ጽሑፍ አይባልም» ይላል ጋሽ ብሩሽ። ቢልም የሚሰማው የለም። ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ከልማድ የተነሳ ግን ብሩሾቹን በየሳምንቱ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ያጥባል።

«ንጹሕ ብሩሽ ታጥባለህ?» ትለዋለች ሚስቱ። «ቆሻሻ ሳህን እኮ ሞልቷል።»

እሱ ማጠቡን ይቀጥላል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ትልቅ ግድግዳ። እሱ ካለፈ በኋላም ቆሞ የሚታይ።

ሴት ልጁ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ መጣች። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው እናትየው ጨው ዕቃውን ከመንገዱ አነሳች።

«አባዬ፣ የሳይንስ ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ባዶ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ። ዳይሬክተሩ ፈቅዶልኛል። ትሥልልኛለህ?»

ወረቀቱ ላይ በግራ በኩል ውሃ አለ። ውሃው ውስጥ ነጠብጣብ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ይዋኛሉ። ከዚያ ዓሣ ይከተላል፤ ከዚያ እግር ማውጣት የጀመረ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ወፍ፣ አይጥ የመሰለ አውሬ፣ ዝንጀሮ። በቀኝ ጫፍ ሰው ቆሟል።

ጋሽ ብሩሽ መነጽሩን አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ይሄ ያ ነገር ነው?»

«ያ ነገር ነው» አለች ልጁ።

«ከዝንጀሮ ነው የመጣነው የሚለው።»

«እንደዚያ አይልም አባዬ። የሩቅ ዘመድ ነን ነው የሚለው።»

«በእናትሽ በኩል ይሆናል።»

«አንተ!» አለች ሚስቱ ከምድጃው ሳትዞር።

ጋሽ ብሩሽ ሰውን ፈጣሪ በእጁ እንደሠራው ያምናል። እምነቱ የባለሙያ እምነት ነው። ዓይንን የመሰለ ሥራ ያለ ሠሪ ተሠራ ቢሉት አይዋጥለትም። በዚህ ነገር አባትና ልጅ ስንት ራት አቀዝቅዘዋል። አንዳቸውም ሌላውን አላሳመኑም። ቢሆንም ተኮራርፈው አልተኙም።

«አታምንበትም፤ አውቃለሁ» አለች ልጁ። «እንድታምን አይደለም የጠየቅሁህ። እንድትሥል ነው።»

ከጥግ እስከ ጥግ ያለችው ነገር ጆሮው ውስጥ ቀርታለች። መነጽሩን አወለቀ።

«ስንት መጠጥ ቤት ጽፌአለሁ። አንድ ቀን ጠጥቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው እሥላለሁ።»

«ከውሃው ጀምር፤ እሺ?»

«እሺ» አለ ጋሽ ብሩሽ።

ሰኞ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ገባ። ተማሪዎቹ ለሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ስንጥቅ የለውም። ጋሽ ብሩሽ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ መስመሩን መታ፤ መሰላሉን በቀኝ ጫፍ አቆመ፤ በሰው ጀመረ።

ልጁ በነደፈችው ላይ ወንድና ሴት ቆዳ ለብሰው ቆመዋል። ጋሽ ብሩሽ ቆዳ ለብሶ የመጣ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። እንዴት እንደሚሠራ ግራ ገባው። ትምህርት ቤት ስለሆነም ራቁታቸውን ማቆም አይሆንም። ስለዚህ እስከ ደረታቸው ድረስ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ አለበሳቸው። ቁጥቋጦ ያውቅበታል፤ የአበባ መሸጫ ታፔላ ሁሉ የእሱ ሥራ ነበር። ቅጠሉ ሲያምርለት ጥቂት አበባ ጣል ጣል አደረገበት።

ሴት ሲሥል ደግሞ አንድ ፊት ብቻ ነው የሚያውቀው። የሚስቱን። በከተማው ባለ ፀጉር ቤት ሁሉ በር ላይ፣ ፀጉሯን ተሠርታ የምትስቀው እሷ ናት። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር። ሚስቱ በዚህ ስታማርር ኖራለች። «በየበራቸው ቆሜ እስቃለሁ፤ አንዷ ግን ‹ግቢና ተቀመጪ› ብላኝ አታውቅም» ትላለች። አሁንም እጁ ሳያስበው ያንኑ ፊት አወጣ። በማግስቱ ጠዋት ወንድና ሴት በአበባ መሐል ቆመው ይስቃሉ፤ የቀረው ግድግዳ ባዶ ነው።

በዚህ ሰዓት ዳቦ ጋጋሪው ገባ።

ዳቦ ጋጋሪው የጋሽ ብሩሽ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበርም ነው። ቶሎ ኩፍ ስለሚል እርሾ ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍር የለም። ለመምህራኑ ሻይ ክፍል በየጠዋቱ ዳቦ የሚያመጣው ራሱ ነው። ያመጣና ግቢውን እንደ ባለቤት ይዞራል። ስለ ፍጥረት በባዮሎጂ ክፍል ይነገር እያለ ዳይሬክተሩን መውጫ መግቢያ ካሳጣው ቆይቷል። «ስለ እንቁራሪት ሆድ ዕቃ ይነገራቸዋል፤ እንቁራሪቷን ስለሠራው አይነገራቸውም!» ይላል። የእህቱ ልጅ ግድግዳ ልታሥል መሆኑን ሰምቷል። ለጠብ ተዘጋጅቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር የገባው።

አየ። ቆመ። እጅጌውን ለቀቀው።

«አዳምና ሔዋን!» አለ።

ጋሽ ብሩሽ መሰላሉ ላይ ነው። ትንሿን ብሩሽ በጥርሱ ነክሷል፤ ትልቁን በእጁ ይዟል።

«እምም» አለ።

«እኔ ደግሞ ምን ምን ሳስብ ነበር! ዝንጀሮ ሊሥሉብን ነው ብለውኝ እንቅልፍ አጥቼ! አንተ እያለህ! አማቼ እያለ! ከገነት ጀመርክላቸው አይደል? ጎሽ!» መሰላሉን ከነሰውየው አቀፈው። መሰላሉ ተወዛወዘ። ጋሽ ብሩሽ ግድግዳውን ያዘ። ሚዛኑን ጠብቆ ብሩሹን ከጥርሱ እስኪያላቅቅ ሰውየው ኮሪደር ላይ ደርሶ ለጽዳት ሠራተኛዋ እየነገራት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ተላከለት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እንፋሎቱ ያልወጣ።

በማግስቱም አማቹ መጣ። ያን ቀን ብሩሹ በጋሽ ብሩሽ አፍ ውስጥ አልነበረም። ዳቦው ነበር።

«ብላ፣ ብላ» አለው ዳቦ ጋጋሪው። «እንዲህ ላለ ሥራ ዳቦ ምን አላት!»

ጋሽ ብሩሽ አኘከ። ሲውጥ ሰውየው ሄዷል።

እኩለ ቀን ላይ ልጁ በሩን በርግዳ ገባች። ቀጥታ ከመምህራን ክፍል ነው የመጣችው።

«አባዬ! ‹አባትሽ ከኮሚቴው ጎን ቆሙ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ› እያሉ ይስቁብኛል። ምንድን ነው ያደረግከው?» ከዚያ ግድግዳውን አየች። አፏን በእጇ ያዘች። «ከውሃው ጀምር አላልኩህም?»

«መጨረሻው ቦታ ካልያዘ…»

«አውቃለሁ! ልብስ ሰፊው፣ ጥጉ፣ ዞረው ያንብቡ… አውቃለሁ!» ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። «ቁጥቋጦው ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቆዳ አልችልበትም።»

«እማዬን ነው ያቆምካት?»

«እጄ ነው።»

ልጁ ተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ስቃ ስትጨርስ ፊቷ ጠነከረ።

«አጎቴ እንደሚመስላቸው አይደለም፤ ንገራቸው። ዛሬውኑ። ኋላ ሲያዩት እንደተታለሉ ነው የሚቆጥሩት። ቅዳሜ ወላጆቹን በሙሉ ጠርተዋል፤ ግድግዳውን ሊያሳዩ። በራሳቸው አፍ ነው የጠሩት።»

«እነግረዋለሁ።»

«አባዬ።»

«እነግረዋለሁ አልኩ እኮ።»

ሥራው ግን ያዘው። ዝንጀሮውን ሠራ። ዝንጀሮው ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያክካል፤ ዓይኑ ሰው ሰው ይላል። ጋሽ ብሩሽ ወደ ኋላ ሄዶ አየውና አላመነም፤ በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው ፊት ይሄ ነው። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አናደደው። ቀለሙ ሳይደርቅ የአማቹ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። አሮጌውን ሸራ አንስቶ ከሰዎቹ በስተግራ ያለውን ሁሉ ጋረደው።

«ምንድን ነው የሸፈንከው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ያላለቀ ሥራ አላሳይም።»

«የቀሩት ፍጥረታት ናቸው?»

«ፍጥረታት ናቸው።»

አልዋሸም። ጋሽ ብሩሽ ይህችን በልቡ ደጋግሞ መዘናት። አልዋሸም። ቢሆንም ያን ቀን የዳቦውን ግማሽ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ከሸራው ጀርባ እየሠራ ወደ ግራ ሄደ። አይጥ የመሰለውን አውሬ፣ ወፉን፣ እንሽላሊቱን፣ እንቁራሪቷን። ዓሣው ላይ ሲደርስ ቅርፊቱን አንድ በአንድ አበራው። ውሃው መጨረሻ ሆነ። ልክ ጥጉ ላይ አለቀ። ለአንዲት ጠብታ እንኳ አልጠበበም፣ አልሰፋም።

አርብ ከሰዓት በኋላ እጁን ታጥቦ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ሊነግረው ቆርጧል። ዳቦ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። አማቹ ከመጋገሪያው ፊት ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ ቆሟል። ጋሽ ብሩሽን ሲያይ አካፋውን እንደ ባንዲራ ከፍ አደረገው።

«መንገድ ስጡት! ይሄ ነው ነገ የምታዩትን ግድግዳ የሠራው! የእህቴ ባል ነው!»

ሰልፈኛው ዞሮ አየው። አንዷ አሮጊት እጁን ሳመችው።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለ ጋሽ ብሩሽ።

«ነገ! ነገ ሕዝብ ፊት ትነግረኛለህ!» ከመደርደሪያው ትልቁን ዳቦ አንስቶ አቀፈው፤ ዳቦውንም ሰውየውንም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«ነገርከው?»

«ዳቦ ሰጠኝ።»

ሚስቱ ዳቦውን አየች፤ እሱን አየች። «አፍህን ለምን እንደፈጠረልህ ልጅህንም ወንድሜንም ልጠይቅ ነው» አለች። «ሁለቱም መልስ የላቸውም።»

ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ወላጆች በልጆቻቸው ጠባብ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ በሩ አጠገብ ቆመ። እዚያ መቆም ይወዳል። ልጁ በመስኮቱ በኩል እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ሚስቱ የቀረው ቦታ ፊት ለፊት ስለነበር እዚያ ተቀመጠች። ጋሽ ብሩሽ ከግድግዳው ላለመራቅ መሰላሉን ተደግፏል።

ዳቦ ጋጋሪው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል። ስለ ፍጥረት ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ከዚያ የሸራውን ጫፍ ያዘ። ጋሽ ብሩሽ አፉን ከፈተ። ሸራው ወረደ።

ወላጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

ዝንጀሮው ጉልበቱን እያከከ ሰዉን አየ፤ ሰዉም ዝንጀሮውን አየ። ዳቦ ጋጋሪው ከዝንጀሮው ወደ አውሬው፣ ከአውሬው ወደ እንሽላሊቱ፣ እስከ ውሃው ድረስ በዓይኑ ሄዶ ተመለሰ። ጆሮው ቀላ። ሁሉም እስኪፈነዳ ጠበቀ።

ቀድማ የፈነዳችው የጋሽ ብሩሽ ሚስት ናት።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ከወንበሩ ተነሳች። «እኔን ከዝንጀሮ አጠገብ አቆምከኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ ከሥዕሉ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሥዕሉ ይዞራል። ፍንጭቷን ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «በራሴ ወንድም ፊት!» አለች። ይሄ ደግሞ ሳቁን አባሰው።

ዳቦ ጋጋሪው ብቻ አልሳቀም።

«አታለልከኝ» አለ።

«አልነገርኩህም» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ከመጨረሻው ስለምጀምር ነው ሰዎቹ ብቻ የታዩህ። መሰለህ። ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ዳቦዬን እየበላህ!»

«እየበላሁ።»

«ሳምንቱን ሙሉ!»

«ትኩስ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አስመሰለው። ዳቦ ጋጋሪው ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰማው።

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። ይሄን አይተው ቤት ሲመጡ ‹አያቴ የነገርከን ውሸት ነው› ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

ልጁ እጆቿን ፈታች።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ፈጣሪ የለም ብዬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ ‹ይሄን አያታችሁን ጠይቁ› ነው የምላቸው። እዚህ የማስተምረው ተቆፍሮ የተገኘውን፣ ተለክቶ የታየውን ነው። የእርስዎን እምነት ምን ይዤ እለካዋለሁ? የማልለካውን ደግሞ እንደ ባዮሎጂ ላስተምርልዎ አልችልም።»

«ግማሹን ግድግዳ ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ለአጎትሽ?»

«ቤቴን ይውሰዱ። ግድግዳው የትምህርቱ ነው።»

ከመሐል አንዲት ነርስ እጇን አወጣች። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

«ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ይመጣል» አለች ልጁ።

«እንግዲያው ይቆይ» አለች ነርሷ። አጠገቧ ያሉት ጥቂት ወላጆች አጉረመረሙ። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸው ያመጡት ውጤት ትዝ አላቸው መሰል አቀረቀሩ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይጎትተዋል። እንቁራሪቷ ደስ የምትል ናት የሚል አለ። ዝንጀሮው ብቻ ይጥፋ የሚል አለ። አንድ ሽማግሌ «ዝንጀሮው ምን አደረገ?» ብለው ቆሙለት።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የምለው… ካልተስማማን ኖራ እንቀባውና ነገሩ ይብረድ። ሰላም ይሻላል።»

ኖራ። ጋሽ ብሩሽ ዞሮ ዓሣውን አየ። ከእንግዲህ ሌላ ግድግዳ የሚሰጠው የለም። ሕዝብ ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ የመሰላሉን ደረጃ ጨበጠ።

«እኔ እንደ አማቼ ነው የማምነው» አለ።

ሰዉ ዞረ። ልጁም ዞረች።

«ሰውን የሠራው ፈጣሪ ነው። ልጄ ታውቃለች፤ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። ግን እኔ ዕድሜዬን በር ላይ ስጽፍ ኖርኩ። በር ላይ የሚጻፈው ውስጥ ያለው ነው። ዳቦ ቤት በር ላይ ጫማ ቤት ብዬ ጽፌ አላውቅም። ጫማ ስለምጠላ አይደለም፤ የሚገባው ሰው የሚገባው ለዳቦ ስለሆነ ነው። ይሄ ክፍል የእሷ ትምህርት ነው። የእኔ እምነት የራሱ በር አለው።»

የመሰላሉን ደረጃ ለቆ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ለአንተ ምንህ ነው!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አንተ ግድግዳህን አገኘህ። የእኔስ የት ይጻፍ?»

ጋሽ ብሩሽ አሰበ። እውነቱን ለመናገር ያሰበው ስለ አማቹ እምነት አልነበረም፤ ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ በስተጀርባ ስላለው፣ በዱቄት ስለነጣው ረጅም ግድግዳ ነው። ዳቦ ሲገዛ ዘወትር በዓይኑ ይለካው ነበር።

«አንተ ጋ» አለ። «ዳቦ ቤትህ ውስጥ። ከበሩ እስከ መጋገሪያው። ስድስቱንም የፍጥረት ቀናት እሥልልሃለሁ።»

«ዳቦ ቤት ውስጥ?»

«እዚህ የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው። አንተ ጋ ግን ከተማው ሁሉ ይሰለፋል። ሰልፉ ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ ቆሞ ያየዋል።»

«ሰልፌ ይንቀሳቀሳል!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አይንቀሳቀስም!» አሉ ወላጆቹ በአንድ ድምፅ።

የዳቦ ጋጋሪው ደረት ቀስ በቀስ ሲነፋ ታየ። ከተማው ሁሉ የምትለዋ ሠርታለች። ቢሆንም እጁን ቶሎ አልሰጠም። ወደ ግድግዳው ሄዶ ሴትየዋን ቀረብ ብሎ አያት።

«እህቴን በኖራ ልቀባት?» አለ ለራሱ።

«ሞክርና አያለሁ» አለች እህቱ ከወንበሯ።

«ይቆይ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ይቆይ። ግን ያንተ የስድስት ቀን ሥራ ከዚህ ካነሰ፣ በራሴ እጅ ኖራ ይዤ እመጣለሁ።»

ዳይሬክተሩ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ።

ሲወጡ ልጁ የአባቷን ክንድ ያዘች። «አመሰግናለሁ» አለችው። ከዚያ ደግሞ «የእኔ እምነት የራሱ በር አለው ያልከው ላይ ግን የምለው አለኝ» አለች።

«ራት ላይ» አለ ጋሽ ብሩሽ።

የዳቦ ቤቱ ሥራ በሳምንቱ ተጀመረ። አማቹ ክሩን ራሱ ያዘለት።

«ከየት ትጀምራለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ አሁን ጠንቅቆ ያውቃል።

«ከመጨረሻው።»

«መጨረሻው ሰባተኛው ቀን ነው። ዕረፍት ነው።»

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን አስቀመጠ። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። «እንግዲያው ሻይ አስመጣ» አለ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልተሠራም።

በቀጣዮቹ ቀናት ግን ግድግዳው ሞላ። ሰልፈኛው ከብርሃን ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው እያየ ወደ መጋገሪያው ይዘልቃል። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ እየሰጠ ያስረዳል። ዳቦ የማይፈልጉም ሲገቡ ተስተውሏል።

አንድ ማለዳ ልጁ ወደ ሥራ ስትሄድ ገባች። አጎቷን ሰላም አለች። ከዚያ ከሰልፉ ወጥታ ግድግዳውን ቀረብ ብላ አየች። ጋሽ ብሩሽ መሰላሉ ላይ ሆኖ ዛፉ ላይ ቅጠል ይጨምራል። ዓይኗ አንድ ቦታ ሲቆም አየ። አልወደደውም።

«አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ሸረሪት።»

«ስንት እግር ነው የሰጠሃት?»

ጋሽ ብሩሽ ወደ ታች አይቶ ቆጠረ። «ስድስት።»

«ሸረሪት ስምንት ነው ያላት።»

«ይሄ የአንቺ ክፍል አይደለም» አለ ጋሽ ብሩሽ። እንዲያግዘው ወደ አማቹ ዞረ። «ያንተ ግድግዳ ነው። በል ንገራት።»

ዳቦ ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። መነጽሩን አወጣ። ሸረሪቷን አየ፤ የእህቱን ልጅ አየ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ።»

ኩፍ አለ።

«ስምንት አድርጎ የፈጠራትን፣ አንተ ማን ነህና ነው ስድስት የምታደርጋት?»

«አማቼ፣ አንዲት ሸረሪት እኮ…»

«አንዲት ምን? በእኔ ግድግዳ ላይ የፈጣሪ ሥራ አይጎድልም! ጨምር!»

«ሁለት እግር፣ አባዬ» አለች ልጁ። «አራት በዚህ፣ አራት በዚያ።»

«ሰምተሃል፣ አራት በዚያ!»

ጋሽ ብሩሽ ሁለቱን አያቸው። አጎትና የእህት ልጅ ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ አንድ ዓይነት ፊት ሠርተው ይጠብቁታል። መሰላሉን አንድ ደረጃ ወረደና ጥቁሩን ቀለም ከፈተ።

«ረዘም አድርጋት» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«መገጣጠሚያዋ ላይ እጠፍ አድርጋት» አለች ልጁ።

«ወደ ግራ!» አለ ከሰልፉ መሐል አንድ የማያውቁት ሰው፤ ከዚያም ሰልፈኛው ሁሉ ያዝዘው ጀመር።